የእንጦጦው ዱክና ከመቶ ዐሥሩ ውል

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ፣ የቀበናን ወንዝ ተሻግሮ ወደ እንጦጦ ግርጌ ለሚወጣ ሰው የሠፈሮቹ ስም የዓለም ካርታ ይመስላል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ጣሊያን ኤምባሲ፣ ሩሲያ ኤምባሲ። የሠፈሩ ሰው ‹‹ፈረንሳይ ነው የምኖረው›› ሲል ፓሪስን አያስብም፤ እድሩንና የታክሲ ሰልፉን ነው የሚያስበው። ‹‹ለጋሲዮን›› የሚለውን ቃል ደግሞ የአንድ ፈረንጅ ስም አድርገው የሚወስዱ ሰዎች ገጥመውኛል። ቃሉ ግን የሰው ስም አይደለም። በቀድሞው የዲፕሎማሲ ደረጃ ከኤምባሲ ዝቅ ያለ፣ በአምባሳደር ሳይሆን በሚኒስትር የሚመራ የመንግሥት መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በኋላ ወደ ኤምባሲነት ከፍ ብሏል፤ ሠፈሩ ግን በአሮጌው ማዕረግ እንደተጠራ ቀርቷል።

ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በምንለው በዚህ ተዳፋት ላይ የተዘረጉት ግቢዎች ስፋታቸው ያስደንቃል። የፈረንሳዩ ብቻውን ከ40 ሄክታር በላይ ነው፤ የእንግሊዙም ከዚያ ብዙ አያንስም። መሬቱ ሲሰጣቸው ቦታው ከከተማ ውጭ ነበርና ስፋቱን የከፋበት ሰው አልነበረም። ለመሆኑ እነዚህ መንግሥታት እዚህ ድረስ ምን ሊሠሩ መጡ? ድንበር ለመካለልና እርስ በርስ ለመሰላለል መምጣታቸው እርግጥ ነው። ዳሩ ግን ይዘውት የመጡትና ተፈራርመው በሣጥናቸው ያስቀመጡት ወረቀት በአብዛኛው ርእሱ አንድ ነው፤ ‹‹የወዳጅነትና የንግድ ውል›› ይላል። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ወረቀቶች፣ በተለይም ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስላገኘው ስለ አንዱ ነው።

ወዳጅነትና ንግድ በአንድ ገመድ ተጠምደው ወደ ሸዋ መግባት የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ተዋውለዋል። ከሁለቱም ውል ይህ ነው የሚባል ንግድ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ የመጣው ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ይህን ውል ሁላችንም የምናውቀው በ17ኛው አንቀጽ ነው፤ የወረቀቱ ርእስ ግን እሱም ‹‹የወዳጅነትና የንግድ›› ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ከዚያ 6 ወር በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የውሉ ቀለም ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል። የወዳጅነቱ መጨረሻ ዓድዋ መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

ዓድዋ የመልእክተኛውን ዓይነት ለወጠው። ከየካቲት 1888 ዓ.ም. በፊት ወደ ሸዋ የሚመጣው ፈረንጅ ጠመንጃ ሻጭ፣ ተጓዥ፣ ሚስዮናዊ ወይም የእጅ ባለሙያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የመንግሥት ማኅተም የያዘ ሰው ይመጣ ጀመር። ቤተ መንግሥቱም በዚያን ጊዜ ከእንጦጦ ብርድና ከእንጨት እጦት ሸሽቶ ወደ ፍልውሃው ወርዶ ነበር። ቀድመው ከደረሱት አንዱ የጅቡቲ ገዥ የነበረው ሌዎንስ ላጋርድ ነው። በ1889 ዓ.ም. የተፈራረመው ውል ለፈረንሳይ ትልቅ ነገር አስገኘ፤ ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ የታወቀ መውጫ በር መሆኗ በወረቀት ሰፈረ። ጅቡቲ በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ገና ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። አፄ ምኒልክም ለወዳጃቸው ለላጋርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያልተሰማ ማዕረግ ሰጡት፤ ‹‹የእንጦጦ ዱክ›› አሉት።

ይህ ማዕረግ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል። በእኛ የማዕረግ ሥርዓት ዱክ የሚባል የለም፤ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ ነው ያለን። እንጦጦም በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ የለቀቀው፣ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ማርያምና ራጉኤል፣ የቀሩበት ብርዳም ተራራ ነበር። ምኒልክ ለፈረንሳዊው የሰጡት ግዛት ግብር የሌለበት፣ ጦር የማይወጣበት፣ ፈረንጅ ፈረንጅ የሚሸት ስም ያለው ባዶ ማዕረግ ነው። በምላሹ ያገኙት ግን ባዶ አልነበረም። ፈረንሳይን የሚያህል መንግሥት ከእሳቸው ጋር እንደ እኩያ ሲዋዋል ጣሊያን ‹‹በእኔ ጥበቃ ሥር ናት›› ስትል የኖረችው ነገር ከንቱ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ የጨዋታውን ጥበብ አለማድነቅ አይቻልም።

እንግሊዞች ብዙም አልዘገዩም። ሬኔል ሮድ የሚባለው መልእክተኛ በዚያው ዓመት መጥቶ ግንቦት 7 ቀን 1889 ዓ.ም. ተፈራረመ። በዚህ ውል ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የሲራራ መንገድ ለሁለቱም ወገን ንግድ ክፍት ይሆናል፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የግል አገልግሎት የሚመጣ ዕቃ በዘይላ ያለ ቀረጥ ያልፋል፤ ምኒልክም በበኩላቸው ለሱዳን መሐዲስቶች የጦር መሣሪያ እንዳያልፍ ይከለክላሉ። ልብ በሉ፤ ከቀረጥ ነፃ የሚያልፈው የንጉሡ ዕቃ ነው እንጂ የሐረሩ ነጋዴ ቡና አይደለም። በዓመቱ የእንግሊዝ ቋሚ ወኪል ሃሪንግተን አዲስ አበባ ገባ፤ በዚህ ተዳፋት ላይም ሠፈረ። ሩሲያም የራሷን መልእክተኛ ላከች፤ ምንም እንኳ ሩሲያና ኢትዮጵያ የሚነግዱት ይህ ነው የሚባል ነገር ባይኖራቸውም።

ከሁሉ የሚያዝናናው የአሜሪካኖቹ አመጣጥ ነው። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ልኮት፣ ጥቂት የባሕር ኃይል ወታደሮች አስከትሎ በ1896 ዓ.ም. መጣ። እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ በግመልና በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 17 ቀን፣ የንግድ ውል ተፈራርሞ ተመለሰ። ውሉ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የለበትም። አሜሪካ ድንበር አልጠየቀችም፣ ቅኝ ግዛትም በአካባቢው አልነበራትም። የመጣችው ለአቡጀዲ ነው። አገሬው ሸማ ሠሪ እያለው የአሜሪካን የጥጥ ጨርቅ በብዛት ይለብስ ነበርና። ጨርቁ ግን በኤደን በኩል በሕንዶችና በዐረቦች እጅ ዞሮ ስለሚደርስ ትርፉን የሚበላው ሌላ ነበር። ስኪነርን ያሳሰበው ይኸው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ጀርመን፣ አውስትሪያ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂግ በ1897 እና በ1898 ዓ.ም. እየተከታተሉ ተዋዋሉ።

እነዚህን ውሎች ሁሉ እንደ ሰንሰለት የሚያያይዝ አንድ አንቀጽ አለ። ፈረንጆቹ ‹‹ከሁሉ በላይ የተወደደ መንግሥት›› አንቀጽ ይሉታል። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ‹‹ለሌላው የምትሰጠውን ሁሉ ለእኔም ሳልጠይቅ ሰጥተኸኛል›› ማለት ነው። ስታነቡት አድልዎን የሚከለክል መልካም ሕግ ይመስላል። በአንድ በኩልም ነው። ነገር ግን ለአንዱ የሠራኸው ስሕተት ለሁሉም የተሠራ ይሆናል። አንድ ጎረቤት በጓሮህ እንዲያልፍ ብትፈቅድለት መንደሩ ሁሉ በጓሮህ ያልፋል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለማየት ወደ 1900 ዓ.ም. እንለፍ።

በዚያን ጊዜ የባቡሩ ነገር ድሬዳዋ ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሼፍኔ ፈቃድ የሰጡበት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰና ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ቆመ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ተሰብስበው ኢትዮጵያን በጥቅም ክልል ተከፋፈሉ፤ ባለቤቱን አላማከሩም። ምኒልክ ውሉ ሲደርሳቸው ‹‹ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን፤ ሥልጣናችንን ግን አይነካም›› የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። ራስ መኰንን ሞተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጤናቸው መታወክ ጀምሯል። የእንጦጦው ዱክ ላጋርድም ከአዲስ አበባ ተነሥቷል። በእሱ ቦታ ለመዋዋል የመጣው ክሎቡኮቭስኪ የሚባል ሰው ነው፤ ስሙ የፖላንድ፣ ሥራው የፈረንሳይ። ከዚህ ተነሥቶ በቀጥታ የሄደው የኢንዶቺና ጠቅላይ ገዥ ሆኖ መሆኑን ስናይ ፈረንሳይ ምን ዓይነት ሰው እንደላከች ይገባናል።

ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1908) የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል የሁለቱ አገሮች ዜጎች አንዱ በሌላው አገር በነፃነት እንዲዘዋወሩና እንዲነግዱ ይፈቅዳል። ይህ መልካም። ቀጥሎ ግን ቀረጥ ይመጣል። ከፈረንሳይ የሚገባ ዕቃ በዋጋው ላይ ከመቶ 10 በላይ አይቀረጥም። ለወይን ጠጅ፣ ለሻምፓኝና ለቢራ ደግሞ ከመቶ 8 ብቻ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ገበሬው ለልጁ የሚገዛው ጨርቅ 10፣ የመኳንንቱ ሻምፓኝ 8። የትኛው ወገን ብዕሩን እንደያዘ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የውሉ 7ኛ አንቀጽ ደግሞ ስለ ፍርድ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ከአውሮፓ ሕግ ጋር እስኪስማማ ድረስ ፈረንሳዊ በወንጀል ሲከሰስ የሚዳኘው በራሱ ቆንስል ነው። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ የኢትዮጵያ ዳኛ ከፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተቀምጦ ያያል፤ የሚፈረደውም በተከሳሹ አገር ሕግ ነው። ‹‹ፈረንሳዊ›› ሲባል ደግሞ ፈረንሳዮቹ ብቻ አልነበሩም። ‹‹በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያለ ሰው›› የሚል ጨምሮበታል። ከኦቶማን ግዛት የመጣ አርመን፣ ግሪክ፣ ሶርያዊ፣ ከየመን የመጣ ዐረብ፣ ከአንዱ ለጋሲዮን ወረቀት ካገኘ የኢትዮጵያ ዳኛ ብቻውን አይነካውም። ከሁሉ በላይ የተወደደ መንግሥት የሚለውን አንቀጽ የያዙት ሌሎቹም ‹‹ለእኛም›› አሉ። በዚህ ምክንያት ይህ የየካ ተዳፋት ከዲፕሎማት መኖሪያነት አልፎ የችሎት አደባባይ ሆነ። አዲስ አበባ ገበያ ላይ የተጣላ ነጋዴ ጉዳዩን ይዞ ቀበናን ይሻገር ጀመር።

በዚያው ዓመት ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመዋል። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድም የውጭ ጉዳይም ሚኒስትር ነበሩ። አንዳንዶች ይህን የሰው እጥረት ነው ይላሉ። እኔ ግን ሥራውን በትክክል የሚገልጽ ሹመት ይመስለኛል፤ በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ማለት በአብዛኛው የንግድ ጉዳይ ነበርና። የነጋድራስነት ማዕረግ ራሱ የነጋዴ አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት አይደለም እንዴ?

‹‹ታዲያ ምኒልክ ለምን ፈረሙ?›› የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ሐዲዱ ላይ ነው። ውሉ በተፈረመ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው በጥር ወር፣ ባቡሩን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚያስቀጥለው አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለጓደሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታልየን ተሰጠ፤ እሱም ለአዲሱ የፈረንሳይ ኩባንያ አስተላለፈው። ምኒልክ ከመቶ ዐሥሩን የሰጡት ባቡር ለማግኘት ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ እሳቸው ግን አላዩትም። በሳምንታት የሚቆጠረው የሲራራ ጉዞ በቀናት ተተካ። ቡናውና ቆዳው በጆንያ ታስሮ በባቡር ወረደ፤ አቡጀዲው፣ ቆርቆሮው፣ ላምባው በባቡር ወጣ። ከተማይቱ ከጣሪያዋ ጀምሮ መልኳን ቀየረች። ይህን ሁሉ ክዶ ስለ ውሉ መጻፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ሦስት መንግሥታት ካርታ ዘርግተው በሚከፋፈሉበት ሰዓት ከአንደኛው ጋር መዋዋል ሁለቱን ማራቂያ እንደነበረም መካድ አይቻልም።

የምኒልክን ብልሃት የሚያወሱ ጸሐፊዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይቋጩታል። እኔ ግን አልስማማም። ውሉ በሚዛን ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ድፋቶች እኩል አልነበሩም። ፈረንሳዊው በአዲስ አበባ እንደሚነግድ ኢትዮጵያዊውም በማርሴይ መነገድ ይችላል ይላል ወረቀቱ። በማርሴይ ወደብ ሱቅ የከፈተ የሸዋ ወይም የሐረር ነጋዴ ታሪክ አንብቤ አላውቅም። መርከቡ የእነሱ፣ ወደቡ የእነሱ፣ ባቡሩ የእነሱ ነበር። ጅቡቲ ላይ የሚከፈለውን የሚወስነው የጅቡቲ ገዥ ነው፤ የባቡሩን ኪራይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ኢትዮጵያ ልትወስነው የምትችለው አንድ ነገር፣ የራሷን የቀረጥ በር፣ በውሉ ታሰረባት። ገንዘቡ እንኳ የውጭ ነበር። ገበያው የሚገበያየው በማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን የሚመታውም አውስትሪያ ነው። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም ባላገሩ የለመዳትን የሴትዮዋን ምስል አልለቅም አለ።

የአገሬው ነጋዴስ? እሱ ከጎጃም ወይም ከጅማ ተነሥቶ ዕቃውን አዲስ አበባ እስኪያደርስ ድረስ በየኬላው ይቀረጣል። በየኬላው የተቀመጠው ሹም የሚተዳደረውም በዚያው ነው። ነፃ ንግድ የተባለው ነገር ከባሕር ወደ ደጋ ለሚወጣው ዕቃ እንጂ ከወለጋ ወደ የካ ለሚመጣው ማር አልደረሰውም። ከምኒልክ ዘመን ጸሐፍት መካከል ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ በጥልቀት ያየው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበርና የሚገባውንና የሚወጣውን በዓይኑ አይቷል። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› የተሰኘው መጽሐፉ የሚያነሣው ዋነኛ ነገር አንድ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ የሚለዋወጡት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ድካማቸውንም ነው፤ ዕውቀት የሌለው ብዙ ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን ጥቂት ድካም ይቀበላል። በእኔ አነጋገር ላስረዳው። አንድ ጣቃ አቡጀዲ በፋብሪካ የሚሠራበት ጊዜና፣ በዚያ ጣቃ የሚለወጠው ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተፈትጎ፣ በበቅሎ ተጭኖ ባቡር ጣቢያ የሚደርስበት ጊዜ አይወዳደርም። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ‹‹እኩል ያልሆነ ልውውጥ›› ተብሎ የትምህርት ርእስ ከመሆኑ በፊት ድሬዳዋ ላይ የተቀመጠ የቀረጥ ሹም ጽፎት ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1866 በተፈረመ ውል የገቢ ዕቃ ቀረጧ ከመቶ 5 ላይ ታስሮባት ነበር፤ ቀረጧን በራሷ ለመወሰን የቻለችው በ1911 ነው። ኦቶማኖች የውጭ ሰዎችን ልዩ መብት ለመሻር የዓለም ጦርነት እስኪነሣ ጠብቀዋል። የእኛ አገር ምሁራን ጃፓንን እንደ አርአያ የሚያዩት በጦርነት ሩሲያን ስላሸነፈች ብቻ አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ድረስ ሄደው ተመልሰው ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን›› የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። የሚገርመው በእነዚያው ዓመታት የጃፓን ጥጥ ጨርቅ በርካሽነቱ የአሜሪካንን አቡጀዲ ከገበያችን አስወጥቶ ነበር። ጃፓንም ከከመቶ ዐሥሩ ተጠቃሚ ሆነች ማለት ነው።

ራስ ተፈሪ ውሉን ለመፍታት የሞከሩት በቀጥታ በመሻር ሳይሆን ጫፍ ጫፉን በመፍታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በውጭ ሰዎችና በኢትዮጵያውያን መካከል ያለውን ክርክር የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ቆመ፤ ኅሩይም በዚሁ ችሎት በዳኝነት ተቀምጠዋል። ችሎቱ የኢትዮጵያ መሆኑ አንድ እርምጃ ነው፤ ቆንስሎቹ ግን ከወንበሩ አልወረዱም። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። አሁን ጄኔቫ ላይ እንደ እኩል የምትቀመጥ አገር አዲስ አበባ ላይ የሻምፓኝ ቀረጥ ለመጨመር አትችልም ነበር። ይህን የሚያህል ተቃርኖ ለመሸከም ትዕግሥት ያስፈልጋል።

በ1923 ዓ.ም. ብልሃቱ ተገኘ። መንግሥት በገቢ ዕቃ ላይ ቀረጥ አልጨመረም። ዕቃው ከገባ በኋላ በሚጠቀምበት ሰው ላይ የሚጣል ግብር አወጀ። ቀረጥ ከጉምሩክ በር ላይ ነው፤ ይህ ግን ከበሩ ወዲህ ነው። ውሉ ስለ በሩ እንጂ ስለ ቤቱ አይናገርም። የሕግ ሰው ሆኜ ባልማርም የክርክሩን ብልጠት አደንቃለሁ። ለጋሲዮኖቹ ግን አላደነቁም፤ ‹‹ስሙን ቀይራችሁ ያው ቀረጥ ነው›› ብለው ተቃወሙ። እውነት ለመናገር ልክ ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ጦር፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ሊሠራ ገንዘብ ይፈልጋል። ዘመናዊ አስተዳደር አላቋቋማችሁም፣ ሕጋችሁ ከአውሮፓ ሕግ ጋር አልተስማማም እየተባለ ይወቀሳል። ዘመናዊ አስተዳደር የሚቆምበትን ገንዘብ የሚያስገኘውን በር የያዙትም እነዚያው ወቃሾች ናቸው። የክሎቡኮቭስኪ ውል ትልቁ ጉዳቱ ይህ ይመስለኛል፤ በየዓመቱ ከቀረው ብር ይልቅ በእነዚያ 28 ዓመታት ውስጥ ሊሠራ ሲቻል ያልተሠራው ነገር።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ከተማው ተዘረፈ፤ የውጭ አገር ሰዎችም በእንግሊዝና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢዎች ተጠለሉ። ሰፊው ግቢ ያን ቀን ጠቀመ። ፋሺስቶች ሲገቡ የወዳጅነትና የንግድ ውሎቹን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ሁሉም በየሣጥኑ ቀረ። ለጣሊያን ያልተገዛ ነጋዴ ደግሞ፣ ፈረንሳዊም ይሁን አርመን ወይም ሕንድ፣ ሱቁን ዘጋ ወይም ተባረረ። የእንጦጦው ዱክ ላጋርድም በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ አዲስ አበባ ከመያዟ ጥቂት ቀደም ብሎ አገሩ ላይ ሞተ። ማዕረጉን የወረሰ የለም።

ነፃነት ሲመለስ የፍርዱ ነገር ወዲያው አልተፈታም። በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት የውጭ አገር ሰው ያለበት ክርክር ሲታይ እንግሊዛዊ ዳኛ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ቆንስሉ ወጥቶ ዳኛው ገባ ማለት ነው። ቀረጡ ግን ተለቀቀ። መንግሥት በ1935 ዓ.ም. የጉምሩክ አዋጁን ሲያወጣ የገቢ ዕቃውን ታሪፍ የወሰነው የማንንም ለጋሲዮን ውል ሳይጠቅስ ነው። ዕቃው የሚመጣበት ሐዲድ በዚያን ሰዓት በእንግሊዝ ጦር ቁጥጥር ሥር ነበር።